ጡንቻ፣ ማራቶንና አበረታች ቅመሞች፦ ማወቅ የሚገባዎት

ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ቢወጡ ሁለት ዓይነት ሯጮች ያገኛሉ። አንደኞቹ በባሕር ዛፉ መካከል ኮቴያቸው ሳይሰማ የሚያልፉት ቀጫጭን አትሌቶች ናቸው። ሁለተኞቹ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የበዙት ናቸው፦ ደረታቸው የሰፋ፣ ክንዳቸው የወፈረ፣ የጂም ሰውነት ያላቸው፣ ብዙ ጊዜም ስልክ የሚቀርጻቸው። ሳምንቱን ብረት ሲያነሡ ሰንብተው እሑድ 30 ኪ.ሜ ሲሮጡ የሚያሳይ ቪዲዮ በቲክቶክ ይለቀቃል። የተመልካቹ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ ሰው የሚወስደው ነገር የለም?»

ጥያቄው እኛም ዘንድ፣ ወደ ምርመራ ክፍል ይመጣል። ወጣቶቹ የሚጠይቁት ግን ስለ ቪዲዮው ሰው ብቻ አይደለም። ከኋላው ሌላ ጥያቄ አለ፦ «እኔስ ብወስድ ምን እሆናለሁ?» ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተዘጋጀው ለሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ትልቅ ጡንቻ ይዞ ማራቶን መሮጥ ይቻላል?

ይቻላል። ክብደት ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ሰው ሲሮጥ በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ 42.195 ኪ.ሜ ለመጨረስ 2,500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል፤ 95 ኪሎ የሚመዝነው ግን 4,000 ገደማ ያስፈልገዋል። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቸው ስኳር ደግሞ 2,000 አካባቢ ነው። ከባዱ ሯጭ ስንቁ ቶሎ ያልቅበታል፣ ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል፣ ጉልበቱም ይጎዳል። ዓለም ያወቃቸው ማራቶን ሯጮቻችን ቀጭን የሆኑት ምግብ አጥተው ሳይሆን በዚህ ስሌት ምክንያት ነው።

ስለዚህ 90 ኪሎ የሚመዝን ጤናማ ወጣት ለዓመታት በሥርዓት ተለማምዶ ማራቶንን በ3 ሰዓት ተኩል ወይም በ4 ሰዓት ቢጨርስ፣ ይህ ብቻውን የሚያስጠረጥር ነገር አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሰውነቱ ትልቀት ሳይሆን የለውጡ ፍጥነት ነው። ብረት ማንሣትና ረጅም ሩጫ እርስ በርስ ይሻማሉ፤ ሁለቱም ምግብ፣ እንቅልፍና የማገገሚያ ጊዜ ይፈልጋሉ። አንድ ሰው በሳምንት 80 ኪ.ሜ እየሮጠ በሦስት ወር 10 ኪሎ ጡንቻ ጨመርኩ ካለ፣ ማገገሚያውን ከየት አገኘው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቴስቶስቴሮን ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ማገገምን ማፋጠን ነውና።

ጂም ውስጥ የሚጠቀስ አንድ መለኪያም አለ። ከክብደት ላይ ስብ ተቀንሶ የቀረው ኪሎ ለቁመት ስኩዌር ይካፈላል። ቁመቱ 1.75 ሜትር፣ ክብደቱ 90 ኪሎ፣ ስቡ 10% የሆነ ሰው 26.4 ገደማ ይመጣለታል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ በ157 ስፖርተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ቅመም ያልወሰዱት ከ25 ብዙም አያልፉም ብሎ ነበር። ቁጥሩ ለግምት ይረዳል እንጂ ለፍርድ አይበቃም። በተፈጥሮ የሚያልፉት አሉ፤ ቅመም እየወሰዱ 23 ላይ የሚቀሩም ብዙ ናቸው። የስብ መጠን በዓይን ሲገመት ደግሞ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል። መብራት፣ ውኃ መቀነስና ከቀረጻው በፊት የተሠራ ፑሽ አፕ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ሰው ያስመስሉታል።

«ስቴሮይድ» ሁሉ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል፤ ስሙ ብዙ ታካሚዎችን ያሳስታል። ሐኪም ለአስም፣ ለአለርጂ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚያዝዛቸው ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶንና ሃይድሮኮርቲሶን ኮርቲኮስቴሮይድ ይባላሉ። ጡንቻ አይገነቡም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ እንዲያውም ጡንቻን ያሳሳሉ። «ስቴሮይድ ነው» ሲባሉ ደንግጠው የአስም መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ ሰዎች አሉ፤ እርስዎ ይህን አያድርጉ። በተቃራኒው ለመወፈር ብሎ ዴክሳሜታሶን የሚውጥ ሰው የሚያገኘው ውኃና ስብ ነው። ለወራት ወስዶ በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ረስቶ ስለሚቆይ የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

ጡንቻ የሚገነቡት አናቦሊክ ስቴሮይዶች ናቸው፦ ቴስቶስቴሮንና ከእሱ የተሠሩት ናንድሮሎን፣ ስታኖዞሎል፣ ዲያናቦል በሚል ስም የሚታወቀው ሜታንዲየኖንና ሌሎችም። አንጎል ቴስቶስቴሮን ከውጭ ሲገባ ካየ ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፣ የወንዱ ዘር ቁጥር ይወርዳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ካቆሙ በኋላ የብዙዎች ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ የማይመለስላቸውም አሉ። ልጅ መውለድ አቅቷቸው ከሚስታቸው ጋር ለምርመራ የሚመጡ ወንዶች ይህን ታሪክ በመጀመሪያው ቀን አይነግሩንም። ሚስት ለወራት ስትመረመር ቆይታ ጉዳዩ በኋላ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

የሚታዩት ጉዳቶች ብጉር (በተለይ ጀርባ ላይ)፣ የወንድ ጡት ማበጥ፣ የፀጉር መሳሳት፣ ቁጣና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። ይበልጥ የሚገድለው ግን የማይታየው ነው። ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ የልብ ግድግዳ ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ለዓመታት ብረት ያነሡ 140 ወንዶች በልብ አልትራሳውንድ ታይተዋል፤ 86ቱ ስቴሮይድ የወሰዱ፣ 54ቱ ያልወሰዱ ነበሩ። ግራው የልብ ክፍል በአንድ ምት ከያዘው ደም ገፍቶ የሚያስወጣው ካልወሰዱት በአማካይ 63% ሲሆን ከወሰዱት 52% ነበር። ከውጭ ሲታይ ጠንካራ የሆነ ሰው ልቡ ደክሞ ይገኛል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልብ ይዞ 42 ኪ.ሜ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት።

ኢፒኦና የእንጦጦ አየር

ኤሪትሮፖይቲን፣ በአጭሩ ኢፒኦ፣ ኩላሊታችን የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። መቅኒው ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት ያዝዛል። ፋብሪካ የሚሠራው ኢፒኦ ኩላሊታቸው ለደከመ፣ ዳያሊሲስ ለሚያደርጉ ታካሚዎች ትልቅ መድኃኒት ነው። ጡንቻ አያሳድግም። ለሯጭ የሚያደርገው ደሙ የሚሸከመውን ኦክስጅን መጨመር ነው።

ችግሩ ቀይ ሕዋስ ሲበዛ ደም መወፈሩ ነው። ከደምዎ ውስጥ ቀይ ሕዋስ የያዘው ድርሻ ሄማቶክሪት ይባላል፤ በወንድ ከ40 እስከ 50% አካባቢ ይሆናል። በሕክምና ቴስቶስቴሮን ለሚወስድ ሰው እንኳ 54% ካለፈ መድኃኒቱን እናቆማለን። ወፍራም ደም በእግር፣ በሳንባ፣ በልብ ወይም በአንጎል ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ከ4,000 በላይ የስኳርና የኩላሊት ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ከኢፒኦ ወገን በሆነ መድኃኒት ሄሞግሎቢናቸው ወደ 13 እንዲደርስ በተደረጉት ላይ ስትሮክ በእጥፍ ገደማ ጨምሮ አግኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሕመምተኞች ስለሆኑ ከጤናማ ወጣት ጋር አንድ አይደሉም። ነገር ግን ሐኪም እየለካላቸው ነበር የሚወስዱት። ጂም ውስጥ የሚወጋውን ሰው ማን ይለካዋል?

አሁን እንጦጦን ይጨምሩበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በከፍታ ቦታ ኦክስጅን ስለሚያንስ ኩላሊት ራሱ ተጨማሪ ኢፒኦ ያመነጫል። አትሌቶች ከየአገሩ ወደዚህ መጥተው የሚለማመዱት አንዱም ለዚህ ነው። በዚህ ላይ በመርፌ ሲጨመር ወሰኑ ቶሎ ይታለፋል። ሯጩ በደረቁ የእንጦጦ አየር ሁለት ሰዓት ሮጦ ውኃ ሲያጣ ደሙ የበለጠ ይወፍራል። ስቴሮይድም በራሱ ቀይ ሕዋስ ስለሚያበዛ፣ ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው አንዱን አደጋ በሌላው ላይ ይደርባል።

የሚያሳዝነው ደግሞ የእኛ ሰው ሳይወጋ የያዘው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ነበር። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3% ሆኖ ተገኘ። ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ነው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ በሚኖሩ ወንዶች ግን 19 አካባቢ ይደርሳል። የሰሜኑ ደገኛ ደሙን ሳያወፍር ከፍታን የሚችልበትን መንገድ በብዙ ሺህ ዓመታት አግኝቷል። በመርፌ ደምን ማወፈር ይህን ጸጋ መጣል ነው።

ታዲያ «ይወስዳል ወይስ አይወስድም?»

በዓይን አይታወቅም። በተወዳዳሪ አትሌት ላይ እንኳ የሚታወቀው በምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ኮ ኢትዮጵያን የፀረ ዶፒንግ ሥርዓታቸው እጅግ አሳሳቢ ነው ካሏቸው አምስት አገሮች አንዷ አድርገው ጠርተዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ምርመራው ጠብቋል፤ የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንም ተቋቁሟል። የመሰናክል ሯጯ ዘርፌ ወንድማገኝ በናሙናዋ ቴስቶስቴሮንና ኢፒኦ ተገኝቶ ለ5 ዓመት ታግዳለች። የማራቶን ሯጯ ፀሐይ ገመቹ ደግሞ ለ4 ዓመት የታገደችው በአትሌቱ የደም ማኅደር ነው። ይህ ማኅደር የአንድን አትሌት የደም መጠን ለዓመታት እየመዘገበ ከራሷ ልክ ሲወጣ ያሳያል፤ የተወሰነ ቅመም ናሙና ውስጥ መገኘት የለበትም። ሁለቱም ቀጫጭን ሴቶች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ዶፒንግን በጡንቻ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም አይጠረጥርም ነበር።

የቪዲዮውን ሰው ግን ማንም አይመረምረውም። የደም ማኅደር የለውም፣ ሌሊት በሩን የሚያንኳኳ መርማሪም የለውም። «ናቹራል ነኝ» ቢል ቃሉን ከመስማት በቀር ማረጋገጫ የለንም። ሊቨር ኪንግ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ብራያን ጆንሰን ሰውነቱን ጥሬ ጉበት በመብላት እንደገነባ ለሚሊዮኖች ሲናገር ቆይቶ፣ የላካቸው ኢሜይሎች ሲወጡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ስቴሮይድ እንደሚወስድ አምኗል። ይህ ማለት ሁሉም ይዋሻል ማለት አይደለም። በሰፈርዎ የሚሮጥን ወጣት ያለ ማስረጃ «ቅመም ይወስዳል» ብሎ ስሙን ማጥፋትም ነውር ነው፤ አበረታች ቅመም በአገራችን ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ ቀላል ስድብ አይደለም። እርስዎን የሚጠቅምዎ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ሰው የሚሸጥልኝ ነገር አለ? ዱቄት፣ የሥልጠና ፕሮግራም፣ በውስጥ መስመር የሚላክ «ሳይክል»? ካለ ሰውነቱ ማስታወቂያ ነው፤ እንደ ማስታወቂያም ይመልከቱት።

በጂም አካባቢ የሚሸጠው

ፕሮቲን ዱቄት ምግብ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት የሚሠሩትን ይሠራል። ክሬያቲን በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ለጤናማ ሰው ደኅንነቱ በደንብ የተጠና ነው፤ የተከለከለም አይደለም። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ክሬያቲን የሚወስድ ወይም ጡንቻው ትልቅ የሆነ ሰው በላቦራቶሪ ክሬያቲኒኑ ከፍ ብሎ ሊታይና «ኩላሊትህ ተጎድቷል» ሊባል ይችላል። ከከባድ ልምምድ ማግሥት የጉበት ምርመራም እንዲሁ ከፍ ሊል ይችላል። ደም ከመስጠትዎ በፊት ለሁለት ሦስት ቀን ከልምምድ ይረፉ፤ የሚወስዱትንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

አደጋው ያለው መለያው በማይታመነው ዱቄትና በመርፌው ላይ ነው። «ስብ ያቃጥላል» ተብለው የሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ ክሌንቡቴሮል ወይም ኤፌድሪን ሊኖር ይችላል፤ ልብን ያስሮጣሉ፣ ክሌንቡቴሮል ደግሞ ፖታሲየምን ያወርዳል። ኢፒኦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ በቦርሳ ሲዞር የዋለ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንደቀረ፣ መጀመሪያውኑም ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ከአንድ ብልቃጥ ለብዙ ሰው መቅዳትና መርፌ መጋራት ሄፓታይተስ ቢና ሲን፣ ኤች አይ ቪንም ያስተላልፋል። መቀመጫ ላይ የሚፈጠር የመግል እብጠትም በቀዶ ሕክምና እስከመከፈት ይደርሳል።

ለሴቶች

በሴት ላይ ስቴሮይድ በትንሽ መጠንም ቢሆን የድምፅ መጎርነን፣ የፊት ፀጉርና የወር አበባ መዛባት ያመጣል። የድምፁ ለውጥ ቅመሙ ከቆመ በኋላም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ሩጫ ጀምረው ጉልበት ያጡ እንደሆነ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ቀላል ነው፦ የብረት እጥረት። ሄሞግሎቢን ደኅና ሆኖ የብረት ክምችት ሊያልቅ ስለሚችል ፌሪቲን የሚባለውን ምርመራ ይጠይቁ። የወር አበባዎ ከቆመ ደግሞ ልምምድዎና ምግብዎ አልተመጣጠኑም ማለት ሊሆን ይችላል፤ አጥንትዎን ስለሚጎዳ ሳይዘገዩ ይታዩ።

እየወሰዱ ከሆነ

ለሐኪምዎ እውነቱን ይንገሩ። ሐኪም የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሥራው ማከም እንጂ መክሰስ አይደለም። የወሰዱትን ስም፣ መጠንና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጽፈው ይምጡ፤ ባዶውን ብልቃጥ ቢይዙት ደግሞ የተሻለ። የደም ግፊትዎ ይለካል፤ ሲቢሲ፣ የጉበት፣ የኩላሊትና የኮሌስትሮል ምርመራ ይታዘዛል። መርፌ ከተጠቀሙ የሄፓታይተስና የኤች አይ ቪ ምርመራ ይጨመራል። ረዘም ላለ ጊዜ የወሰዱ ከሆነ ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ፣ ልጅ የሚፈልጉ ከሆነ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያስፈልጋል።

ሲያቆሙ የሚመጣውን ነገር አስቀድመው ይወቁ። ሰውነት የራሱን ቴስቶስቴሮን እስኪያመርት ድረስ ድካም፣ የወሲብ ፍላጎት ማጣትና ከባድ ድባቴ ይከተላሉ። ብዙዎች ወደ መርፌው የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀን ሳይቆጥሩ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ወንድም ወይም ጓደኛ አብሮዎት ይሁን። ጂም ውስጥ «ለማጽጃ» ተብለው የሚሸጡ ሌሎች ሆርሞኖችን በራስዎ አይጀምሩ።

ዳገቱ ላይ የማይታለፉ ምልክቶች

እየሮጡ ደረትዎን ካመመዎት፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ልብዎ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም ካረፉ በኋላም ትንፋሽ ካጠረዎት ልምምዱ በዚያ ቀን አብቅቷል። አንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መያያዝ ስትሮክ ነው ብለው ይነሡ። ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረና ጡንቻዎ አብጦ ከታመመ፣ ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊትን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በየካ በኩል ለወረደ ሰው የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። ብቻዎን እንጦጦ ላይ አይሩጡ፤ በተለይ ስልክ በማይይዝበት ጫካ ውስጥ። ከረጅም ሩጫ በፊት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥም ይተው፤ ውኃ ባጣ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል።

ሕጋዊ መድኃኒት የሚወስዱ ተወዳዳሪዎች

በክለብ ተመዝግበው ወይም በይፋዊ ውድድር የሚሮጡ ከሆነ ሰውነትዎ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ «ፋርማሲው ሰጠኝ» ማለት አያድንም። ትራማዶል እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። የሚዋጡና የሚወጉ ኮርቲኮስቴሮይዶችም እንዲሁ። የሚነፋ የአስም መድኃኒት ሳልቡታሞል ግን በ24 ሰዓት እስከ 1,600 ማይክሮ ግራም፣ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ600 ሳያልፍ ይፈቀዳል፤ የተለመደው አንድ ንፊያ 100 ማይክሮ ግራም ነው። የተከለከለ መድኃኒት ለሕመምዎ የግድ ካስፈለገ ሐኪምዎ ማስረጃውን ጽፎልዎት ለሕክምና የሚሰጠውን ልዩ ፈቃድ ከፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ይጠይቃሉ። ማመልከቻው መልስ የሚያገኘው ወዲያው ስላልሆነ ውድድሩ ሳምንት እስኪቀረው አይጠብቁ።